ከመቶ ስንት? ስለ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ማመልከቻና ስለ ዕድል ሒሳብ



ባለፈው ሰሞን ማታ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል፣ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ እህት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። «አሜሪካ አገር ላሉ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ላመለክት አስቤያለሁ፤ ዕድሌ ስንት ይሆናል?» ብላ ለወንድሟ ጻፈችለት። ግማሾቻችን «ጎበዝ ከሆነች ምን ያግዳታል?» አልን። የቀረነው ደግሞ «እሱ የሀብታም ልጅ ጉዳይ ነው፤ ዝም ብላ ማትሪኳን ታጥና» አልን። እስከ ሌሊት ተከራከርን፤ ጧት ስንነሣ ግን ሁላችንም አንድ ነገር ገባን። ከሁለቱም ወገን የሚያውቅ ሰው አልነበረም!

ስለዚህ መምህራንን ጠየቅን፤ ኮሌጆቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ቁጥር አነበብን፤ እርሳስና ወረቀት ይዘን አሰላን። ያገኘነውን እነሆ ለእናንተ አቅርበናል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነገ ትምህርት ቤት ስንመደብ ይህንኑ ጥያቄ ተማሪዎቻችን ይጠይቁናል። ሁለተኛውን ምክንያት ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን፤ እሱ እኛኑ የሚነካ ነው።

ትንሽ የግል ኮሌጅ ሲባል ምን ማለት ነው?

እኛ አገር «የግል ኮሌጅ» ሲባል ብዙ ጊዜ በከተማ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚያስተምር፣ ለትርፍ የቆመ ተቋም ትዝ ይለናል። እዚያ የምንለው ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 3,000 ተማሪዎች ያሉት፣ ለአራት ዓመት አስተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ፣ ለትርፍ ያልቆመ፣ መንግሥትም የማያስተዳድረው ተቋም ነው። የሚመራው በባለአደራ ቦርድ ነው፤ ከድሮ ተማሪዎችና ከለጋሾች የተሰበሰበ ቋሚ ገንዘብም አለው። ተማሪው ግቢ ውስጥ ያድራል፤ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከሃያ የማይበልጥ ስለሆነ አስተማሪው እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ ያውቀዋል። ስድሳና ሰባ ሆነን ለተማርነው ለኛ ይህ እንደ ተረት ነው!

ከነዚህ ውስጥ ስማቸው የታወቀው ዊልያምስ (የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1793)፣ አምኸርስት (1821)፣ ግሪኔል (1846)፣ ስዋርትሞር (1864) እና ማካሌስተር ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጋናዊው ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. በ1961 ከማካሌስተር ኮሌጅ ነው የተመረቁት። መንገዱ ለኢትዮጵያውያንም አዲስ አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኦሃዮ በሚገኘው ትንሹ ማስኪንገም ኮሌጅ ተምረው ነው ኋላ ሕክምናን በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ያጠኑት።

ማመልከቻው እንዴት ይነበባል?

እኛ የለመድነው ምደባ ነው። ፈተና እንፈተናለን፣ ውጤት ይመጣል፣ ምርጫ እንሞላለን፣ ማሽን ይመድበናል። እዚያ ግን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምደባ የለም፤ እያንዳንዱ ኮሌጅ ለራሱ ያነባል፣ ለራሱ ይወስናል። ብዙዎቹ ግን አንድ ዓይነት ቅጽ ይቀበላሉ፤ ስሙ «ኮመን አፕሊኬሽን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በ15 የግል ኮሌጆች ተጀምሮ ዛሬ ከ1,000 በላይ ተቋማት ይጠቀሙበታል።

በአንድ አመልካች ፋይል ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ የአራቱ ዓመት ትራንስክሪፕት፤ ከ650 ቃላት የማይበልጥ ድርሰት፤ ከክፍል ውጭ የሠራቸው ሥራዎች ዝርዝር፤ ብዙ ጊዜ የሁለት መምህራን የምስክርነት ደብዳቤ፤ ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ የሚላክ መግለጫ፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና (ቶፍል፣ አይልትስ ወይም ዱዎሊንጎ)። ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለውን ፈተና ቦውደን ኮሌጅ ገና እ.ኤ.አ. በ1969 «ካልፈለጋችሁ አትላኩ» ብሎ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ብዙዎች ተከተሉት፤ አንዳንዶች ደግሞ መልሰው ግዴታ አድርገውታል። ስለዚህ «ሰው እንዲህ አለኝ» ሳይባል የየኮሌጁን ደንብ በየዓመቱ ማየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዝልን። አንባቢዎቹ ከላይ ጀምረው በነጥብ ደረጃ አይቆርጡም፤ አንድ ክፍል ተማሪ ነው የሚያሰባስቡት። ፊዚክስ የሚወድ፣ ክራር የሚመታ፣ ከገጠር የመጣች፣ ጋዜጣ ያዘጋጀ፣ እናቷን በጉሊት የምታግዝ፤ ይህ ሁሉ ከቁጥር ይገባል። ውኃ መቅዳትም ሆነ ታናናሾችን ማስጠናት «ሥራ» ተብሎ ይጻፋል፤ የኛ ልጆች ግን «ይሄ ምን ይጻፋል» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ ያልተቀበሉት ሁሉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የተቀበሉትም ሁሉ አንደኛ ስለወጣ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ

ብዙ ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ዝርዝር በየዓመቱ ሞልተው ለሕዝብ ያወጣሉ። ሁለት ክፍሎቹ ለኛ ይጠቅማሉ። ክፍል «ሲ» ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ስንቱ ተመዘገበ የሚለውን ይነግራል። ደግሞም ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ፣ ለትራንስክሪፕት፣ ለድርሰት፣ ለደብዳቤ፣ አመልካቹ ለኮሌጁ ላሳየው ፍላጎት ጭምር፣ «እጅግ አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «ይታያል»፣ «አይታይም» እያሉ ያመለክታሉ። ክፍል «ኤች» ደግሞ ስለ ገንዘብ እርዳታ ነው፤ ለስንት የውጭ አገር ተማሪ እንደረዱና አማካዩ ስንት ዶላር እንደሆነ ይናገራል።

ቀላሉ ሒሳብ ተቀባይነት ያገኙትን ላመለከቱት ማካፈል ነው። ስማቸው እጅግ የገነነው ኮሌጆች ዛሬ ከመቶ አመልካች የሚቀበሉት አሥር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ነገር ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። ለምን? በፈጠርነው ምሳሌ እንየው።

አንድ ኮሌጅ 8,000 አመልካች መጥቶለት 800 ተቀበለ እንበል። ይህ ከመቶ 10 ነው። ከ8,000ው ውስጥ 3,000ው ከውጭ አገር ናቸው፤ ከነሱ የተቀበለው 90 ነው እንበል። 90ን ለ3,000 ስናካፍል ከመቶ 3 ይሆናል። የአገሩ ተወላጆች ደግሞ 5,000 አመልክተው 710 ገቡ፤ ይህ ከመቶ 14 ያህል ነው። እንግዲህ ያ «ከመቶ አሥር» የማንም ዕድል አልነበረም ማለት ነው! የአገሬው ልጅ ከሱ በላይ፣ የኛ ልጅ ከሱ በታች ነው ያለው። ከ90ዎቹ ውስጥ ወጪያቸውን ወላጅ የሚችልላቸው ከተቀነሱ ደግሞ ሙሉ እርዳታ ለሚጠይቅ የሚቀረው ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ ዕድልህን የምታሰላው አንተን ከመሰሉት አመልካቾች ጋር ነው፤ ከሁሉም ጋር አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ለአንድ ከማመልከት ለአሥር ባመለክትስ?» የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ያላት ዕድል ከመቶ 5 ቢሆን፣ በአንዱ የመቅረት ዕድሏ 0.95 ነው። በአሥሩም የመቅረት ዕድሏ 0.95ን አሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ 0.60 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቦታ የመግባት ዕድሏ ከመቶ 40 ነው። ደስ ይላል፤ አይደል?

ቆይ! ይህ ስሌት የሚሠራው አሥሩ ውሳኔ እርስ በርሱ ካልተገናኘ ነው፤ ሳንቲም አሥር ጊዜ እንደመጣል። እውነቱ ግን ለአሥሩም የሚሄደው ያው ትራንስክሪፕት፣ ያው ድርሰት፣ ያው ደብዳቤ ነው። በአንድ ጋን የተጠመቀ ጠላ ከሆመጠጠ በአሥር ዋንጫ ቢቀዳም ያው ሆምጣጣ ነው። ስለዚህ 40 ላይ አይደርስም። ለብዙ ኮሌጅ ማመልከት ይረዳል፤ ግን ፋይሉን ማሻሻል ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባል ቀደም ብሎ የማመልከቻ መንገድ አለ። ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ሆኖ፣ ከተቀበሉ እንደሚሄዱ ቃል ገብተው የሚፈርሙበት ነው። የቅበላው መቶኛ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ግን በዚያ ውስጥ ኮሌጁ አስቀድሞ የመለመላቸው ስፖርተኞችና የመሳሰሉት ስላሉበት ቁጥሩ ሰው ያታልላል።

ገንዘቡስ?

ዋናው በር ይህ ነው። በነዚህ ታዋቂ ኮሌጆች ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። የውጭ አገር ተማሪ ከአሜሪካ መንግሥት የተማሪ እርዳታ አያገኝም፤ ተስፋው የኮሌጁ ገንዘብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ኮሌጆቹ በሦስት ይከፈላሉ።

አንዳንዶቹ ሲወስኑ አመልካቹ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው አያዩም፤ ከተቀበሉት በኋላም የጎደለውን ይሞላሉ። ለውጭ አገር ሰው ጭምር እንዲህ የሚያደርጉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አምኸርስትና ቦውደን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛዎቹ የተቀበሉትን ሙሉ በሙሉ ይረዳሉ፤ ግን ለመቀበል ሲወስኑ ገንዘቡን ያያሉ። በነዚህ ዘንድ ብዙ ለሚጠይቅ በሩ ጠበብ ይላል። ሦስተኛዎቹ፣ ማለትም አብዛኞቹ የግል ኮሌጆች፣ ከአመልካቾቻቸው ከግማሽ በላይ ይቀበላሉ፤ እርዳታቸው ግን ከፊል ነው። «ተቀብለንሃል፣ 20,000 ዶላር ሸልመንሃል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ሰፈር እልል ይላል። ወጪው 60,000 ከሆነ ግን የቀረው 40,000 ከየት ይመጣል? ገንዘቡ መኖሩ ካልታየ ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን «አይ-20» የተባለ ወረቀት አይሰጥም። መቀበልና መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከነዚህ ሁሉ ለየት የሚለው በኬንታኪ የሚገኘው በሪያ ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ተመሥርቶ ከ1892 ጀምሮ ለትምህርት ክፍያ ተማሪውን አያስከፍልም፤ ተማሪው ግን ሁሉ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት በግቢው ውስጥ ይሠራል። ከውጭ አገር የሚቀበለው ጥቂት ስለሆነ ውድድሩ ብርቱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ደላላ እንዳይረሳ። «ገንዘብ አምጡ፣ ቅበላ አስገኛለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ማወቅ ያለብን እነዚህ ኮሌጆች ቅበላ እንደማይሸጡ ነው። የማመልከቻውን ክፍያ እንኳ መክፈል ለማይችል ብዙዎቹ ይቅር ይላሉ፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ጊዜና ወረቀት

ቀደም ብሎ ለሚያመለክት የመጨረሻው ቀን ብዙ ጊዜ የፈረንጆች ኖቬምበር 1 ነው፤ በኛ ጥቅምት 22። ለመደበኛው ጃንዋሪ 1 ወይም ጥቂት ቀናት ቆየት ብሎ ነው፤ ታኅሣሥ 23 ገደማ። መልስ በመጋቢት አጋማሽ ይመጣል፤ ተማሪው እስከ ሜይ 1፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 23፣ ይወስናል። እንግዲህ ማመልከቻው የሚሞላው አሥራ ሁለተኛ ክፍል በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሆነ ዝግጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ መጀመር አለበት።

የቀን ነገር ብዙ ልጆችን ያሰናክላል። በትራንስክሪፕቱ የልደት ዘመን 1999 ዓ.ም.፣ በፓስፖርቱ 2007 ተብሎ ሲገኝ ፈረንጁ «የሁለት ሰው ወረቀት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ትምህርት ቤቱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ ይጻፍ። ስምም እንደዚሁ ነው፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት

አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረን። በሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም፤ እኛን ያስጠናን እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለን ከነዚህ ኮሌጆች ስለ አንዱ ሰማና «ከመቶ አሥር ይቀበላል፤ እኔ ደግሞ ከመቶ ተማሪ አንደኛ ነኝ፤ ስለዚህ ገባሁ» አለ። ሒሳብ አዋቂው በሒሳብ ተሳሳተ! እዚያ ያመለከቱት ሁሉ ከየአገራቸው አንደኛ የወጡ መሆናቸውን አላሰበም። ለአንድ ኮሌጅ ብቻ አመለከተ። ልቡ እዚያ ስለሄደ የማትሪክ ጥናቱን ላላ አደረገው። መጋቢት ላይ «እናዝናለን» የሚል መልስ መጣ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የማለፊያውን ሃምሳ ከመቶ በጥቂት ነጥብ አጣ። ዛሬ የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ማታ ማታ በግል ለመፈተን ያነባል። ሳናየው ስናልፍ ደስ አይለንም፤ አይተነው ስናልፍም አንገታችንን ደፍተን ነው።

የኛው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። የምስክርነት ደብዳቤውን የጻፈለትን መምህር እናውቀዋለን። በዚያን ሰሞን አምስት ተማሪዎች ጠይቀውት ለአምስቱም ያንኑ ጽፎ ስማቸውን ብቻ ለዋወጠ። «ተማሪው ጨዋ፣ ታዛዥና ትጉህ ነው። መልካሙን ሁሉ እመኝለታለሁ።» ይኸው ነው። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። በሳምንት ሠላሳ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ፣ ሦስት መቶ ደብተር እያረመ፣ ደብዳቤው ምን እንደሚሠራ የነገረውም አልነበረም። ልጁ በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ቀረ አንልም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን እዚያ ማዶ የተቀመጠው አንባቢ ስለዚያ ልጅ ከኛ ሰፈር የሰማው ድምፅ ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ትጉህ»። እኛን በሰሌዳ ፊት አቁሞ ማስተማሩን፣ መምህሩ የሳተውን ስሌት በትሕትና ማረሙን ማን ነገረው?

ነገ ያንን ደብዳቤ የምንጽፈው እኛ ነን! ስለዚህ ሦስት ነገር እናስታውስ።

ሀ. ቅጽል ሳይሆን ሥራ እንጻፍ። «ጎበዝ ናት» ከማለት «ላቦራቶሪ ስላልነበረን በሎሚና በሽቦ ባትሪ ሠርታ ለ64 ተማሪዎች አሳየች፤ መጀመሪያ አልሠራላትም ነበር፤ በማግስቱ ሽቦውን ለውጣ መጣች» ማለት ይበልጣል። ለዚህ ደግሞ ተማሪን በስም ማወቅና ማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል።

ለ. ቁጥሩን እናስረዳ። ፈረንጁ የኛን ውጤት በራሱ ሚዛን ነው የሚመዝነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ያልነገርነው አንባቢ «58 ከመቶ» ሲያይ «ወዳቂ» ሊመስለው ይችላል። ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደሆነች፣ በትምህርት ቤቱ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ በአጭሩ ይጻፍ።

ሐ. እውነቱን እንናገር። ያላደረገውን አደረገ ብለን አንጻፍ፤ አንድ የውሸት ደብዳቤ ከዚያ ትምህርት ቤት ኋላ የሚመጡትን ልጆች ሁሉ ያስጠረጥራል። ለተማሪውም «ትገባለህ» ወይም «አትገባም» አንበለው። ሒሳቡን አብረን እንሥራለት።

ለእህታችን ምን ብለን መለስን?

የጓደኛችን እህት አንድ ገጽ ደብዳቤ ደርሷታል። በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «አንደኛ፣ ማትሪክሽን አትልቀቂ፤ መሬቱ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሳይሆን ለሰባት ለስምንት አመልክቺ፤ ሙሉ እርዳታ የማይሰጡትን ግን ከዝርዝርሽ አውጪ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ዕድልሽን ከመቶ 3 ወይም 4 አድርገሽ ያዢው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። አራተኛ፣ ለመምህሮችሽ የሠራሽውን በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስጫቸው፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ይረሳሉ እንጂ አይጠሉሽም። አምስተኛ፣ ካልሆነ አንቺ አልተመዘንሽም፤ ቦታው ነው የጠበበው።»

እሷም «ከመቶ ሦስት ማለት ከመቶው ሦስቱ ሰው ናቸው ማለት ነው፤ እሞክራለሁ» ብላ መልሳለች። መልሷ ደስ ብሎን በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።

ውድ አንባብያን፤ ተስፋን ያለ ሒሳብ መስጠት ጓደኛችንን ጎዳው፤ ሒሳብን ያለ ተስፋ መስጠት ደግሞ ልጆቹን ገና ሳይሞክሩ ያስቀራል። መምህር ሁለቱንም በአንድ እጁ መያዝ አለበት። ጥያቄ ያለው፣ ወይም ለታናሽ ወንድሙና እህቱ ማስላት የሚፈልግ፣ ከጋዜጣው ሥር ባለው የጥያቄ ሣጥን ወረቀት ይጨምር፤ አብረን እናሰላለን።

ቸር እንሰንብት!